የልጅነት ማዕድ ለልጆቻችንም ይድረስ

ማንኛውም ሰው ዕድሜው ምንም ያህል ቢገፋ፣ ከልጅነቱ ጋር የሚያገናኘው አንድ የምግብ ጣዕም ወይም ሽታ አያጣም። ለአንዱ ከምጣድ የወረደ ትኩስ ገብስ ቆሎ ነው፤ ለሌላዋ በኮባ ተጠቅልሎ የሚጋገር የድፎ ዳቦ ሽታ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመሶብ ሥር ተሸፍኖ የሚጠብቀው የሽሮ ፍትፍት ነው። በሥራ ገበታ ላይ፣ በመንገድ፣ በታክሲ ውስጥ ሳሉ የቂቤ ማንጠሪያ ሽታ ከአንድ ግቢ ሲወጣ ድንገት ቆም ብለው እናታቸውን፣ አያታቸውን ወይም በሕይወት የሌለች አክስታቸውን ያላስታወሱ አንባቢያን ጥቂቶች ናቸው ብለን እናምናለን።

ይህ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም። ሽታን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ስሜትና ትውስታ ከሚስተናገዱባቸው ክፍሎች ጋር በቅርብ የተያያዘ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል። ከዚህም በላይ የጣዕም ትምህርት የሚጀምረው ሕፃኑ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ጁሊ ሜኔላ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመው ነበር። በዚህ ጥናት በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ወይም በማጥባት ላይ ሳሉ የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት፣ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ ከሌሎቹ ሕፃናት ይልቅ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ተቀብለውታል። እንግዲህ እናት በእርግዝናዋና በአራስነቷ የምትበላው ሁሉ ለልጇ የመጀመሪያው የጣዕም ፊደል ነው ማለት ይቻላል።

በመሆኑም ስለ ልጅነት ምግብ ስናነሳ ስለ ሆድ ብቻ እየተናገርን አይደለም። ቤተሰብ ልጁን ወደ ራሱ የሚያስገባበት አንዱ በር ማዕድ ነው። ጥያቄው ይህ በር ለዛሬዎቹ ልጆች ክፍት ሆኖ ይቆያልን? ክፍት ሆኖ እንዲቆይስ የማን ጉልበት ይከፈልበታል? የሚለው ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ዓመቱን በማዕድ መቁጠር

ቀደም ሲል ልጆች የዓመቱን ዙር የሚያውቁት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በምግብ ነበር። መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየቤቱ እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ በየጓዳው የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። ታኅሣሥ ላይ የገና ዶሮ፣ ጥር ላይ የጥምቀት ድፎ ዳቦና ጠላ ይከተላል። በዐቢይ ጾም ተልባ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆና ሽሮ ተራ በተራ ይቀርባሉ። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ከባቄላ ክክና ከስንዴ የሚቀቀለው ጉልባን ይታደላል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የትንሣኤ ሌሊት ልጆች እንቅልፍ እየጣላቸውም ቢሆን ዐይናቸውን አሽተው ለመነሣት የሚጣጣሩት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ ቡሄ ነው። ወንዶች ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ፣ በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲጨፍሩ የሚሰጣቸው ሙልሙል ዳቦ ነበር። እናት ለራሷ ልጆች ብቻ ሳይሆን በደጇ ለሚቆሙት ልጆች ሁሉ ቆጥራ ትጋግራለች። ዛሬ በብዙ ከተማ ቤቶች የሙልሙሉን ቦታ ገንዘብ ወስዶታል። ገንዘቡ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሙልሙሉ ለአንድ የሰፈር ልጅ «አንተም እንደምትመጣ አውቀን ጋግረንልሃል» የሚል መልእክት ነበረው።

በእስልምና ተከታዮች ቤትም እንደዚሁ ነው። በረመዳን ወር ጀንበር ስትጠልቅ ተምርና ውኃ ቀድመው ይቀርባሉ፤ ሾርባውና ሳምቡሳው ይከተላሉ። ሳምቡሳውን ለመጠቅለል ከቀትር በኋላ የሚሰበሰቡት እህትማማቾችና ጎረቤቶች የሚጫወቱት ጨዋታ ከምግቡ የማይተናነስ ትዝታ ነው። በዒድ ዕለት ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ዘመድ ሲጠይቁ ኪሳቸው በከረሜላ ይሞላል። የሁለቱ ሃይማኖት ተከታዮች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ሰፈር ሥጋው በየበኩሉ ቢሆንም፣ ድፎ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ፈንዲሻውና ቡናው ከቤት ወደ ቤት ሲመላለስ ያደጉ ልጆች መከባበርን በስብከት አልተማሩትም። በሳህን ተማሩት።

የመስቀል በዓል በጉራጌ ምን ያህል ክብር እንዳለው የታወቀ ነው። በከተማ የሚሠራው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በቅቤ ዕቁብ ያጠራቀሙት ቅቤ ለክትፎው ይወጣል፤ ቆጮው፣ አይቡና ጎመኑ ይሰናዳል። በኦሮሞ ቤተሰብ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ተለውሶ የሚሠራው ጩኮ፣ በትግራይ ከገብስ ዱቄት እየተድቦለቦለ በወጥ እየተጠቀሰ የሚበላው ጥሕሎ፣ ለስንቱ ልጅ የአያት ቤት ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ዓምድ አንባቢያን ትርጉም ያለው የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላ ታሪክ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ በዓሉ የአንዲት ሴት መታሰቢያ ነው። ይህች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትመጣ ነበር። ስትመጣም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚዘጋጀውን ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ምግቡንም ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይቋደሰዋል። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንዲት ሴት ምግብ ይዛ ወላጆቿን መጠየቋ የአንድ ሕዝብ ትልቅ በዓል መነሻ መሆኑን ልብ በሉ። እናቶቻችን በየዓመቱ የሚያደርጉትም ይህንኑ አይደለምን?

ማዕዱ ያስተማረን ምን ነበር?

የቤተሰብ ማዕድ ትምህርት ቤት ነበር። ልጅ እጁን ሳይታጠብ አይቀርብም። ታላቅ ሳይጀምር አይጀምርም። ከፊት ለፊቱ ይበላል እንጂ የሌላውን አይሻማም። እንግዳ ሲመጣ ቦታ ይለቃል። እናት ወይም አባት ሲያጎርሱት አፉን ከፍቶ ይቀበላል፤ እሱም በተራው ታናሹን ያጎርሳል። ከምግቡ በኋላ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሲዘልቅ የአያት ታሪክ ይሰማል፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ያውቃል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ። ከበዓሉ በኋላ እንኳ የተረፈው ድፎ ዳቦ ለስንት ቀን ቁርስ እንደሚሆን እናት ስታሰላ እያየ ቁጠባን ይማራል።

ሆኖም ትዝታ ሁሉን ነገር ያሳምራል። እውነቱን ሙሉውን ማየት ተገቢ ነው። ያ ማዕድ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ዶሮው በ12 ብልት ተገነጣጥሎ 12 እንቁላል ሲጨመርበት ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክብር እንግዳው ይቀመጣል፤ ለልጆች ክንፍና አንገት ይደርሳቸዋል። ለመሆኑ ለእናትየዋ የትኛው ብልት ይደርሳት እንደነበር የሚያስታውስ ማን ነው? ብዙዎቻችን እናታችንን የምናስታውሳት ስታቀርብ፣ «ጨምሩ እንጂ፣ ምነው ተዋችሁት» ስትል፣ ውኃ ስታስታጥብ ነው እንጂ ከኛ ጋር ተቀምጣ ስትበላ አይደለም። ሁሉም ከተነሣ በኋላ ጓዳ ገብታ ከድስቱ ሥር በቀረው መረቅ እንጀራ ታጠቅሳለች። ሴት ልጅም ከሰባትና ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ሽንኩርት እየላጠችና እየከተፈች፣ ወንድሟ ግን ደጅ እየተጫወተ ማደጋቸው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጠር ነበር።

የማገዶው ጭስም ሌላው ነገር ነው። ትዝታችን ውስጥ የሚጣፍጠው ያ የጭስ ሽታ ለእናቶቻችን የዐይንና የሳንባ ጠንቅ ነበር። ዛሬም ቢሆን በማገዶ የሚጠቀሙ ቤቶች ብዙ ናቸውና ወጥ ቤቱ አየር የሚያስወጣ መስኮት እንዲኖረው፣ ሕፃን የታዘለች እናት ጭስ ላይ እንዳትቆም ማድረግ የጤና ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የልጅነት ማዕዳችንን ስንናፍቅ ሁለቱን ነገር መለየት ይገባል። መሰባሰቡን፣ መጎራረሱን፣ ጣዕሙን እንያዘው። የአንዲት ሴት ወገብ እየተቆረጠ ሌላው ቤተሰብ የሚደሰትበትን ልማድ ግን እንተወው።

የዛሬዋ እናት በሁለት ሥራ መካከል

የዛሬዋ የከተማ እናት በአብዛኛው ሠራተኛ ናት። በቢሮ፣ በፋብሪካ፣ በሱቅ፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት ውላ ማታ በትራንስፖርት ሰልፍ ደክማ ትገባለች። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ግን ከእናቷ የወረሰችው የሥራ ዝርዝር እንዳለ ይጠብቃታል። እናቷ ያንን ሁሉ የምትሠራው ግን ከእህቶቿ፣ ከጎረቤቶቿና ከምራቶቿ ጋር ነበር። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን በአንድ ምድጃ የምትሠራው ሴት የአምስት ሴቶችን ሥራ ተሸክማለች ማለት ነው። ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ጠዋት እንግዳ ስትቀበል ፊቷ ቢጠቁር ማን ይፈርድባታል?

የኑሮ ውድነቱም አለ። የዶሮ፣ የቅቤ፣ የሽንኩርትና የእንቁላል ዋጋ በበዓል ሰሞን እንደሚንር ሁላችሁም የምታውቁት ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቤተሰብ «የማበላው ሳይኖረኝ ማንን እጠራለሁ?» በሚል ሐፍረት በሩን ዘግቶ መዋል ጀምሯል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ዶሮ ያልበላ ልጅ ምንም አይሆንም። አጎቱንና አክስቱን፣ የአጎቱን ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ ያደገ ልጅ ግን የሚያጣው ነገር በገንዘብ አይተመንም።

በሌላ በኩል በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሻንጣቸውን በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በበሶና በድርቆሽ ሞልተው እንደሚሄዱ እናያለን። የሰው አገር ሱቅ ምግብ ጠፍቶበት አይደለም። የእናት እጅ የነካው ነገር ሌላ ምትክ ስለሌለው ነው። እዚሁ አገር ቤት ያሉ ልጆቻችን ግን ያንኑ ጣዕም ሳያውቁት፣ በታሸገ ብስኩትና በጣፋጭ መጠጥ ብቻ የሚያድጉ ከሆነ ነገሩ የሚያሳዝን ይሆናል።

ሥራውን ማከፋፈል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የበዓል ሥራም እንዲሁ ነው። ለአብነት ያህል የዶሮ ወጥን ሥራ እንመልከት። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ የሚደርስ ሽንኩርት መላጥና በደቃቁ መክተፍ ያስፈልጋል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ቅባት፣ ረጋ ባለ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ውኃው እስኪመጥ ይቁላላል። ከዚያም ቅባቱና በርበሬው ገብቶ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ውኃ እየተጨመረ፣ ለረጅም ሰዓት ይበስላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አለ፤ ዶሮውን መለብለብ፣ መገነጣጠልና በሎሚና በጨው ማጠብ አለ፤ እንቁላል መቀቀልና መላጥ አለ፤ በመጨረሻም መከለሻው አለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ለአምስት ሰው ግን ጨዋታ ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ብታደርጉ ይጠቅማል፦

ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን በፊት የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ተቀምጠው ይነጋገሩ። ምን ይሠራል? ስንት ሰው ይመጣል? ያለን ገንዘብ ስንት ነው? ልጆችም ይስሙ። አቅምን አውቆ ማደር ለልጅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ቅቤ ማንጠሩ፣ ቅመም ማዘጋጀቱና ዕቃ ማጠቡ አስቀድሞ ይጠናቀቅ። ሽንኩርቱ በዋዜማው በጋራ ይላጥ። ሬዲዮ ተከፍቶ፣ አባትም ወንድ ልጅም ቢላዋ ይዘው ቢቀመጡ እንባው ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

በልማዳችን ዶሮውን የሚያርደው ወንድ ነው። የሱ ሥራ ግን ቢላዋውን ጠርጎ ሲያስቀምጥ የሚያበቃ መሆን የለበትም። ላባውን መንጨት፣ ገንጥሎ ማጠብ፣ ቆሻሻውን ማስወገድ ወንድ የማይችለው ጥበብ አይደለም። ጥሬ ዶሮ የተቆረጠበት መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ ወይም ዳቦ እንዳይቆረጥበት፣ እጣቢውም ሌላ ምግብ ላይ እንዳይረጭ ጥንቃቄ ይደረግ።

ከረጅም ጾም በኋላ ሆድን በአንድ ጊዜ በቅባት መሙላት አይገባም። አባቶችና እናቶች መጀመሪያ ተልባ መጠጣታቸው ጥበብ ነበረው። የተረፈው ወጥም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ባይቆይ፣ ለመብላት ሲፈለግም በደንብ እስኪፈላ ቢሞቅ ከሆድ ሕመም ያድናል።

የሚጋበዘው ዘመድም ባዶ እጁን ከመምጣት ይልቅ አንዱ ድፎ ዳቦውን፣ ሌላው እንጀራውን፣ ሌላዋ ጎመኑንና አይቡን ይዛ ብትመጣ የባለቤቷ ሸክም ይቀላል። በሬ በቅርጫ መካፈል የለመደ ሕዝብ ወጪና ድካምን በቅርጫ መካፈል ሊያሳፍረው አይገባም። ተራም ይኑር። ዘንድሮ ገናን በታላቅ እህት ቤት የዋለ ቤተሰብ ፋሲካን በታናሽ ወንድም ቤት ቢውል፣ አንዷ ሴት ዓመቱን ሙሉ አስተናጋጅ ሆና አትቀርም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግብ ሲቀርብ እናት ትቀመጥ። ውኃውንና የጎደለውን ልጆች ያምጡ። ልጆቻችሁ ነገ እናታቸውን ሲያስታውሱ በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጣ ስትስቅ ያስታውሷት።

ያለ በዓልም የሚሠሩ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ

የልጅነት ምግብ ሁሉ የበዓል ምግብ አይደለም። እንዲያውም ብዙው ቀላል፣ ርካሽና ለጤና የሚስማማ ነው። ለሠራተኛ እናት የሚመቹትን ጥቂቶቹን እናስታውሳችሁ።

በሶ፦ ገብሱ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከተቀመጠ በኋላ ሌላ ማብሰል አያስፈልገውም። በውኃና በጥቂት ጨው ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በቅቤና በበርበሬ ተለውሶ ጭብጦ ይሆናል። ለትምህርት ቤት ልጅ ጠዋት ጥሩ ስንቅ ነው። ማር የሚጨምሩበት አሉ። ነገር ግን ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ የሕፃኑን ሰውነት የሚያሽመደምድ ከባድ በሽታ ሊያስከትል ይችላልና።

ቂንጬ፦ የተከካው ስንዴ ወይም ገብስ ማታ ተቀቅሎ ቢቀመጥ ጠዋት አሙቆ በጥቂት ቅቤ መለወስ ብቻ ነው የሚቀረው።

ንፍሮ፦ ስንዴ፣ ሽንብራና ባቄላ አብረው ሲቀቀሉ እህልና ጥራጥሬው ተደጋግፈው ለልጅ ዕድገት የሚያስፈልገውን የገንቢ ምግብ ክፍል ያሟላሉ። ጥራጥሬውን አስቀድሞ መዘፍዘፍ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ጎንቁሎ ቢቀቀል ደግሞ ሰውነት በውስጡ ያለውን ብረት በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምበታል። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል። አያቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁት ነበር።

ቆሎ፦ ገብሱ ከሽንብራ፣ ከሱፍና ከለውዝ ጋር ሲደባለቅ ከታሸገ ብስኩት እጅግ የሚሻል መክሰስ ነው። ይሁን እንጂ ጠጣር ነገር ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ስለሚችል አምስት ዓመት ላልሞላቸው ባይሰጥ ይመረጣል። ለእነሱ ለውዙን ፈጭቶ ገንፎ ላይ መጨመር ይቻላል።

ጨጨብሳ፦ እርሾ የሌለው ቂጣ ተቆራርሶ በተነጠረ ቅቤና በበርበሬ የሚታሸው ይህ ምግብ የእሑድ ጠዋት ምግብ ቢሆን ይስማማል። ቂጣውን ማገላበጥ ለአሥር ዓመት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ሲረዳው የመጀመሪያ የወጥ ቤት ትምህርት ሊሆን ይችላል።

ልጁ አንድን ምግብ መጀመሪያ ቢተፋው ተስፋ አትቁረጡ። አንድ አዲስ ጣዕም ለመልመድ ስምንትና አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ። ማስገደድና መቆጣት ግን ጥላቻን ያተርፋል። ትልልቆቹ እየበሉት ቢያይ ቀስ በቀስ ራሱ እጁን ይዘረጋል። ምግብ በልቶ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ሰውነት ብረት እንዳይወስድ ስለሚያደርግ፣ በተለይ እርጉዞችና ልጃገረዶች ጥቂት ቆየት ቢያደርጉት መልካም ነው። ጨውንም በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራልና በልጆች ምግብ ላይ እጅን መሰብሰብ ይገባል።

የአያት እጅ ልክ እንዳይጠፋ

አያቶቻችን የሚሰፍሩት በሚዛን አይደለም። «በርበሬው ቀለሙ እስኪሰጥ»፣ «ሊጡ እጅ እስኪለቅ»፣ «አንድ ጭብጥ፣ አንድ ቁንጥር» ይላሉ። ይህ እውቀት የተጻፈበት ደብተር የለም። የተጻፈው በእጃቸው ላይ ነው። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ እናታችሁ ወይም አማታችሁ በሕይወት ካሉ አንድ ቅዳሜ ለዚህ ጉዳይ መድቡ። የልጅነታችሁን አንድ ምግብ እንዲያሠሩአችሁ ለምኗቸው። እሳቸው በእጃቸው ሊጨምሩ ሲሉ ከሥር ኩባያ ወይም ማንኪያ ደግናችሁ ልኩን ያዙ፤ ጻፉት። ዛሬ በየእጃችን ባለው ስልክ እጃቸውንና ድምፃቸውን መቅረጽም ይቻላል። ልጆቻችሁ አጠገብ ይቁሙ። ሽማግሌዎች ሥራ ሲያሠሩ ወሬ ያወጣሉ፤ ከወሬያቸው መካከል መቼም በመጽሐፍ የማታገኙት የቤተሰባችሁ ታሪክ ይወጣል። የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸውም ዕድሜ የሚቀጥል ደስታ ያገኛሉ።

«ድሮ እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ተበላሸ» እያሉ ማማረር ግን አይጠቅምም። ያለ እሱ ወጥ ያለ የማይመስለን በርበሬ ራሱ፣ በቆሎም እንደዚሁ፣ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጩ ናቸው። ድንችም ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ሴት አያቶቻችን እንግዳ የሆነውን ነገር ተቀብለው የራሳችን አድርገውታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ፣ በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት፣ በምድጃ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ባህልን አያፈርስም። ባህልን የሚያፈርሰው የሚሰበሰብ ሰው ሲጠፋ ነው።

ማንን እንጥራ?

በመጨረሻም ስለ መሰባሰብ ስናነሳ ብቻቸውን የሚውሉትን እንዳንረሳ። በየሰፈራችን ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ፣ በዓል ሲመጣ የስልክ ጥሪ ብቻ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ዘንድሮ ባሏን ወይም ልጇን የቀበረች፣ ምጣድ ለመጣድ ልብ ያጣች ጎረቤት አለች። ከገጠር መጥቶ በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት ሠራተኛ፣ በየቤታችን የምትረዳን ልጅ አለች። በተለይ ይህችኛዋ ለሰው ልጆች የልጅነት ማዕድ ስታሰናዳ የራሷን እናት ማዕድ ምን ያህል እንደምትናፍቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአገሯ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቋት። አንድ ቀን እሱን ትሥራና ሁላችሁም አብራችሁ ተቀምጣችሁ ብሉ።

አቅም ባይፈቅድ ዶሮው ይቅር። ሽሮ በቅቤ ተከሽኖ፣ ቆሎና ፈንዲሻ ቀርቦ፣ ቡና ተፈልቶ ሰው መጥራት ይቻላል። ልጆቻችሁ ካደጉ በኋላ የሚያስታውሱት የሥጋውን ኪሎ አይደለም፤ በዚያ ቀን ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳጎረሳቸው፣ ማን እንደሳቀ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የሚመጣውን በዓል አትጠብቁ። በዚህ እሑድ ሽንኩርቱን አብራችሁ ላጡ፤ አብራችሁም ብሉ። መልካም ማዕድ ይሁንላችሁ።